የኮሌጅ ታሪክና የአካባቢ ቅርስ ማን ዘንድ፣ በምንና እንዴት ይቀመጥ? ለአነስተኛ ቤተ መዛግብት የአማራጮች ንጽጽር

አነስተኛ ኮሌጅ ታሪኩን ለመሰብሰብ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ስካነር ነው። ስካነሩ ይመጣል፣ ስድስት ወር ይሠራል፣ ከዚያ ይሠራበት የነበረው ሰው ይለቅና ሃርድ ዲስኩ ላይ «ስካን 0001» እየተባሉ የተቀመጡ 4000 ምስሎች ይቀራሉ። የትኛው ከየትኛው ሣጥን እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ስካነሩ የመጨረሻው ውሳኔ መሆን ነበረበት። ቀድሞ መወሰን ያለበት ዋናው ሰነድ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚታሸግ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚዘረዘርና የትኛው ቶሎ እንደሚጠፋ ነው።

አማራጮቹን ሁሉ እዚህ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። በአነስተኛ ኮሌጅ መዛግብቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እሱም የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ደርቦ። ይህ ሰው ነገ ቢለቅ የሚተካው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነገሩ ገብቶት ሊቀጥል ይችላል ወይ? የማይችል ከሆነ አማራጩ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ለእናንተ አይደለም።

ዋናው ሰነድ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

አራት መንገድ አለ። የመጀመሪያው እዚያው ኮሌጁ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቅርብነቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሬጅስትራሩ የቆየ ውጤት ሲጠየቅ፣ ቦርዱ የድሮ ውሳኔ ሲፈልግ፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠራ በዚያው ቀን ይገኛል። በምላሹ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚቆለፍ ክፍል፣ በመዋቅር የተፈቀደ የሥራ መደብ፣ ቦርዱ ያጸደቀው መመሪያ። ብዙዎች ሁለቱን አሟልተው ሦስተኛውን ይተዉታል። መመሪያ የሌለው ክፍል ግን የተማሪ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ዓይን ይጣልበታል፤ አንድ ቀን ቢሮ ይሆንና ሣጥኖቹ ደረጃ ሥር ይገባሉ።

ክፍሉ ምድር ቤትም ጣሪያ ሥርም ባይሆን ይመረጣል። ምድር ቤት ውኃ ይገባዋል፤ ጣሪያ ሥር ደግሞ ሙቀቱ በቀንና በሌሊት ይለዋወጣል። በላዩ የውኃ ቧንቧ የማያልፍበት፣ ከመጸዳጃ ቤት ጋር ግድግዳ የማይጋራ መካከለኛ ፎቅ ጥሩ ነው። መሐንዲስ ሳይጠየቅ ግን ፎቅ ላይ መደርደሪያ አይቆምም። በአንድ ሜትር እርከን ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ወረቀት 50 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ስድስት እርከን ያለው የአንድ ሜትር መደርደሪያ ብቻውን 300 ኪሎ ይሆናል። መደርደሪያው ብረት ይሁን፤ የታችኛው እርከን ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ጀርባው ከውጭው ግድግዳ ራቅ ይበል። ለወረቀት ከ16 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ35 እስከ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ተስማሚ ነው። ማቀዝቀዣ መሣሪያ ከሌላችሁ ቁጥሩን ከማሳደድ መለዋወጡን መቀነስ ይሻላል። እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ግን ሻጋታ ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሁለተኛው መንገድ ማከማቻና የጥገና ባለሙያ ላለው ትልቅ ተቋም፣ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም ለትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስረከብ ነው። ክፍላችሁ የሚያፈስ ከሆነ ወይም መደብ ማስፈቀድ ካልቻላችሁ ኩራቱ ይቅርና ይህን ምረጡ። ችግሩ ሰነዱ ከሄደ በኋላ ተማሪያችሁ ለማየት መንገድ መሄድ አለበት። ተቀባዩም የራሱ ወረፋ አለው፤ ያልተዘረዘረ ሣጥን ለዓመታት ሳይከፈት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን ራሳችሁ ሠርታችሁ አስረክቡ።

ርክክቡ በስጦታ ወይም በአደራ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱም የስም ብቻ አይደለም። በስጦታ ባለቤትነቱ ይተላለፋል፤ ተቀባዩ የራሱ ስለሆነ ለጥገናው ገንዘብ ለማውጣት አያመነታም። በአደራ ባለቤትነቱ እናንተ ጋ ይቆያል፤ ተቀባዩ ግን ነገ ሊወሰድበት ለሚችል ነገር ብዙ አያወጣም፤ ካስመለሳችሁ ወጪውን እንድትተኩ የሚል አንቀጽም ሊያስገባ ይችላል። የኮሌጁን የራሱን ቃለ ጉባኤና የተማሪ መዝገብ በአደራ፣ ከግለሰብ የተሰበሰበውን በስጦታ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ያስኬዳል። በቃል የተረከባችሁት አደራ ግን ጣጣ ነው። ሰውየው ሲያርፉ ልጆቻቸው ለየብቻ ይመጣሉ፤ አንዱ ይመለስልን ይላል፣ ሌላው እዚያው ይቆይ ይላል፤ ፋይላችሁ ውስጥ ደግሞ የተፈረመ ነገር የለም።

ውሉ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃዋል። ምን ምን እንደተረከባችሁ (ዝርዝሩ ይያያዝ)፣ ባለቤትነቱና የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እስከ መቼ ለአንባቢ ዝግ እንደሚሆን፣ የማይፈለግ ወይም ድርብ ሆኖ የተገኘ ነገር ይመለስ ወይስ ይወገድ፣ ተቀባዩ ቢዘጋ ወይም ከሌላ ጋር ቢዋሐድ ሰነዱ የት እንደሚሄድ ይናገር። የቅጂ መብቱ ላይ ቆም በሉ። አንድ ሰው የተላከላቸውን ደብዳቤ ሲሰጧችሁ የሰጧችሁ ወረቀቱን ነው፤ የጽሑፉ መብት በተለምዶ የጸሐፊው ወይም የጸሐፊው ወራሾች ነው። ኢንተርኔት ላይ ልልቀቀው ስትሉ የሚገጥማችሁ ይኸው ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ሁለት ሦስት ተቋማት አንድ ማከማቻና አንድ ባለሙያ በጋራ መያዝ፣ ሲነገር ከሁሉም ያምራል። የሚፈርሰው ደግሞ የሁሉም የሆነ ኃላፊነት የማንም ስለማይሆን ነው። አንዱ ተቋም መሪ ተብሎ ካልተሰየመና የሚወጣ አባል የ12 ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ በውል ካልታሰረ አትግቡበት።

አራተኛው ዋናውን ለባለቤቱ ትቶ ቅጂውን ብቻ መውሰድ ነው። ለአካባቢ ቅርስ፣ ማለትም ለቤተሰብ ደብዳቤዎች፣ ለማኅበር መዝገቦች፣ ለእጅ ጽሑፎች፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ማኅበሩ ዛሬም የሚጽፍበትን መዝገብ ወስዶ መደርደሪያ ላይ መቆለፍ መዝገቡን ከሕይወቱ መነጠል ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ዋናው ቢቃጠል ወይም ቢሸጥ የሚቀረው የእናንተ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ በስልክ አንስቶ መሄድ አይበቃም፣ ቅጂው በሙሉ ጥራት ይሠራ። በነገራችን ላይ ለባለቤቶቹ የምትሰጧቸው አንድ ጥሩ ሣጥን ከስካኑ የበለጠ ዕድሜ ሊገዛ ይችላል፤ ብዙ ፕሮጀክት ግን ይህን በበጀቱ አያስበውም።

በምን ይታሸግ?

ተራ ካርቶን ርካሽ ነው። ሊግኒኑ (በእንጨት ውስጥ ያለው አያያዥ ንጥረ ነገር) ካልወጣለት የእንጨት ፐልፕ የተሠራ ካርቶን ግን ራሱ አሲድ እያመነጨ የያዘውን ወረቀት ቢጫ ያደርጋል፣ ያደርቃል፣ በመጨረሻም ሲነካ የሚሰበር ያደርገዋል። ስትገዙ «አሲድ አልባ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያሳምናችሁ። ወረቀቱ አይኤስኦ 9706 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ሣጥኑና የማህደሩ ሽፋን አይኤስኦ 16245ን ማሟላታቸውን፣ የፎቶ ማሸጊያው በአይኤስኦ 18916 የተደነገገውን ፈተና ማለፉን ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። 9706ን የሚያሟላ ወረቀት ቢያንስ ከ2 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር የሚስተካከል የአልካላይ ክምችት አለው፤ ወደፊት የሚፈጠረውን አሲድ የሚያረክሰው ይህ ክምችት ነው።

ይህ ማለት አልካላይ ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ነጭ መስመር በሰማያዊ ላይ የሆኑት የድሮ የሕንፃ ፕላኖች በአልካላይ ይደበዝዛሉ። ለእነሱ፣ ለባለቀለም ፎቶ፣ ለሐርና ለሱፍ ክምችት የሌለበት ገለልተኛ ወረቀት ይፈለጋል። ከፕላስቲክ ፖሊስተር፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ይሆናሉ። ፒቪሲ አይሆንም፤ እያረጀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፣ ከፎቶው ፊት ጋርም ይጣበቃል። በከሰል ወይም በፓስቴል የተሣለ ነገር ፖሊስተር ውስጥ አይገባም፣ የፕላስቲኩ ስታቲክ ዱቄቱን ይነቅለዋል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ከአማራጭ አይቆጠርም፤ ሙቀቱና ማጣበቂያው አንዴ ከገቡ መመለሻ የለም።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከሣጥኑ በፊት ማህደሩን ግዙ፤ ወረቀቱን በቀጥታ የሚነካው እሱ ነውና።

ከማሸጋችሁ በፊት ላስቲክ፣ አግራፍና ስኮች ይወገዳሉ። ላስቲክ ቀልጦ ይጣበቃል፤ አግራፍና ስቴፕል ይዝጋሉ። የዛገ ስቴፕል በማንሻ መንጭቆ ማውጣት ወረቀቱን ይቀድደዋል። ይልቅ ሰነዱን በጀርባው አስተኙት፤ ከታጠፉት ሁለት እግሮች ሥር ቀጭን የፖሊስተር ቁራጭ አስገቡ፤ በስስ ብረት እግሮቹን አንድ በአንድ ቀጥ አድርጉ፤ ከዚያ ገልብጡና ጀርባውን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የዛገው ወረቀቱ ላይ ከተጣበቀ አታስገድዱት፤ ትታችሁ እለፉ። ስኮቹን ራሳችሁ አትላጡት፤ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

የሚጣበቅ ገጽ ያላቸው አልበሞች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ ቅደም ተከተሉና ከሥር የተጻፈው ስም ከፎቶው እኩል ዋጋ አለው። ከዚያ ያልተሰባበረውን ፎቶ ብቻ በጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ እየመጋዛችሁ ለመለየት ሞክሩ። የማይለቅ ከሆነ ገጹን በሙሉ ቆርጣችሁ ከፎቶው ጋር አስቀምጡት። የፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ።

ሣጥን በሣጥን ወይስ ወረቀት በወረቀት?

ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የሚጀምረው እያንዳንዱን ወረቀት በመመዝገብ ነው። የመጀመሪያው ሣጥን ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ሁለተኛው አይጀመርም። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በሣጥን ደረጃ ጨርሱ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለአንድ ሣጥን ይበቃል። ቀጥሎ አንባቢ የሚያዘወትራቸውን ብቻ ወደ ማህደር ደረጃ አውርዱ። ወረቀት በወረቀት የሚዘረዘረው ለፎቶግራፍ፣ ለካርታና ለድምፅ ቅጂ ይቆይ።

ዓለም አቀፉ የመዛግብት ገለጻ ደረጃ፣ አይሳድ ጂ፣ 26 መግለጫዎች አሉት። አትደንግጡ፤ የግድ የሚባሉት ስድስት ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ሰነዱን የፈጠረው አካል፣ ዘመን፣ መጠንና የገለጻ ደረጃ። ምሳሌ፦ «ኮሌ/03/07፤ ከተማሪ ማኅበራት ጋር የተደረጉ ደብዳቤዎች፤ የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፤ 1968–1975፤ 2 ሣጥን፤ ተከታታይ»። በአንድ መስመር አልቋል። ኮሌጁ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ሲጽፍ ከነበረ ግን ዓመቱ በየትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ጻፉ፤ በኋላ ለማረም መልሶ ሣጥን ከመክፈት ሌላ መፍትሔ የለውም።

አደረጃጀቱን በተመለከተ በርዕስ ወይስ በምንጭ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1841 ፈረንሳይ ውስጥ በወጣ ሰርኩላር ተመልሷል፤ የአንድ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ጽሕፈት ቤቱ የተጠቀመበት ቅደም ተከተልም አይፈርስም የሚለው ደንብ በኋላ የተጨመረ ነው። የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች «ስፖርት»፣ «ምረቃ»፣ «ግንባታ» እያሉ በርዕስ ሲያደራጁት ንጹህ ይመስላል። ግን አንድ ደብዳቤ ከዲኑ ጠረጴዛ ይሁን ከሒሳብ ክፍል መምጣቱ አንዴ ከጠፋ ማን አውቆ ማን እንዳላወቀ የሚናገረው ማስረጃ አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ወረቀት ይጠብቃል፣ ካሴት አይጠብቅም

ኮሌጆች ቀድመው ስካን የሚያደርጉት የምሥረታውን ደብዳቤና የቆዩ ፎቶዎችን ነው፤ ለእይታ ያምራሉና። በደረቅ ክፍል በጥሩ ሣጥን ያለ ወረቀት ግን ሌላ 20 ዓመት ቢጠብቅ ብዙም አይጎዳም። የካሴትና የቪዲዮ ክር ሁለት ጠላት አለበት፤ ማግኔቱን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይፈርሳል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅና የምረቃ ንግግር የተቀመጡት ደግሞ በእነዚህ ክሮች ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አዙሩት፤ ክር መጀመሪያ፣ ወረቀት በኋላ።

ራሳችሁ ትቀዱታላችሁ ወይስ ለድርጅት ትሰጡታላችሁ? ተራ የድምፅ ካሴት በቤት ይሠራል። ትልልቅ ሪልና ቪዲዮ ለባለሙያ ይሂድ። በዩኤስቢ የሚሰካውን ርካሽ የካሴት መቀየሪያ ግን እርሱት፤ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ድምፁ ላይ ተመልሶ የማይስተካከል መንቀጥቀጥ ይተዋል። ያገለገለ ነገር ግን በቴክኒሻን የተጠገነ ጥሩ የካሴት ማጫወቻ (ዴክ) ከአዲሱ መቀየሪያ እጅግ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። በመስኮቱ ነጭ ዱቄት ከታየ ሻጋታ ነው፤ አታጫውቱት፣ ለይታችሁ አስቀምጡት። ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ካሴት 24 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። የማጫወቻውን ራስ ቢያንስ 90 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ አጽዱ፤ የጎማውን ተሽከርካሪ አልኮሉ ስለሚያደርቀው በትንሽ ውኃ ብቻ። አሁን አብዛኞቹ የሚዘሉት ነገር ይመጣል። ድምፁ የታፈነ ከመሰለ ክሩ አርጅቶ ላይሆን ይችላል፤ የቀዳው ማሽን ራስና የእናንተው ማሽን ራስ ያዘመሙበት ማዕዘን ስላልገጠመ ነው። በራሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያጫወታችሁ በጥቂቱ አዙሯት፤ «ሰ» እና «ሽ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ቦታ ላይ ተዉአት። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ይደረጋል። አንድ ጊዜ ያሳለፋችሁትን ክር ይህን ብላችሁ መልሳችሁ ላታጫውቱት ትችላላችሁና ከመጀመሪያው ይስተካከል።

ቅጂው በዋቭ ፎርማት፣ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይሁን፤ በስቴሪዮ አንድ ሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ጫጫታ መቀነሻ ሶፍትዌር በዋናው ቅጂ ላይ አይነካካ፤ ለአድማጭ በሚሰጠው ላይ ብቻ። ጊዜውን ስታሰሉ አትሞኙ፦ 100 የአንድ ሰዓት ካሴት 100 ሰዓት ይጫወታል፣ ዝግጅቱና ምዝገባው ያን ያህል ይጨምርበታል።

ሲጫወት የሚንጫጫና ራሱ ላይ ቡናማ ቅሪት የሚተው ክር ወዲያው ይቁም፤ ለባለሙያ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም ካለ ከሌሎቹ አርቁት፤ የሚለቀው አሲድ የራሱንም የጎረቤቱንም መበስበስ ያፋጥናል፣ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተመረተ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካገኛችሁ ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ እሳት አደጋንና ባለሙያን ሳታማክሩ ሕንፃው ውስጥ አታሳድሩት።

በምን ይነሳ?

12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሣጥን ከ800 እስከ 1000 ቅጠል ይይዛል። አንድ ሜትር እርከን 8 ሣጥን ነው፤ 7000 ቅጠል እንበል። በጠፍጣፋ ስካነር በሰዓት 40 ገጽ ቢሠራ፣ አንድ ፊቱን ብቻ እንኳ 175 ሰዓት፣ በቀን 6 ሰዓት ሥራ 29 ቀን ይፈጃል። ቁም ላይ የታሰረ ካሜራ የለመደ ሰው በሰዓት 200 ገጽ ቢያነሳ ያው ሥራ በ35 ሰዓት ያልቃል። ለፎቶግራፍና ለኔጌቲቭ ጠፍጣፋው ስካነር ይሻላል፤ ለጥራዝ፣ ለትልቅ መዝገብና ለብዛት ካሜራው። ጥራዝን ጠፍጣፋ ስካነር ላይ ደፍቶ መጫን አከርካሪውን ይሰብራል።

ካሜራውን የምትመርጡ ከሆነ ማክሮ ሌንስ፣ ዝቅተኛ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ኤፍ 8 የሌንስ ክፍተት፣ በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ የቆሙ ሁለት አንድ ዓይነት መብራቶች፣ በመጀመሪያው ምስል ላይ የቀለም መለኪያ ካርድ። ካሜራው ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ መሆኑን በውኃ ልክ መለካት ያስቸግራል። ሰነዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ መስታወት አስቀምጡና በካሜራው ተመልከቱ፤ የሌንሱ ነጸብራቅ ልክ መሐል ላይ ካረፈ ትይዩ ነው።

ወረቀት እየሳበ የሚያስገባው ስካነር ፈጣን ነው፤ ጠንካራና ያልተቀደደ የቢሮ ወረቀት ላይ ብቻ። ስስ የካርቦን ቅጂ ካስገባችሁበት ቁልፍልፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ስልክ ለመስክ ማስታወሻ ያገለግላል፣ ዋና ቅጂ አይሆንም። በተለይ የስልክ ስካን መተግበሪያዎች ገጹን «ሲያጠሩ» በእርሳስ የተጻፈውን የኅዳግ ማስታወሻና የደበዘዘውን ማኅተም ያጠፉታል፤ የታሪክ ጸሐፊው የሚፈልገውም ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ለውጭ ድርጅት ብትሰጡ 100 ገጽ በሙከራ አሠሩ፤ ቅጠሉን ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ ያልተቀነባበረውን ዋና ፋይል ማስረከብ ውሉ ውስጥ ይግባ።

ፎርማቱን በቁጥር እንየው። በባለቀለም፣ ባልታመቀ ቲፍ የምስል ፋይል አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ፒክሰል በኢንች 26 ሜጋባይት፣ በ400 ደግሞ 46፣ በ600 ሲሆን 104 ይወስዳል። 10,000 ገጽ በ400 ወደ 464 ጊጋባይት፣ በሦስት ቅጂ 1.4 ቴራባይት ነው። ለታይፕ ጽሑፍ 300 ይበቃል፤ ለእጅ ጽሑፍና ለደቃቅ ፊደል 400፣ ለ10 በ15 ፎቶ 600፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ኔጌቲቭ 2800ና ከዚያ በላይ። ጄፔግ 2000 መረጃ ሳይጥል ቦታ ይቆጥባል፤ ግን የሚከፍቱት ፕሮግራሞች ጥቂት ስለሆኑ በመግቢያው ጥያቄ ይወድቃል። ፒዲኤፍ-ኤ (ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ) ለአንባቢ መስጫ ጥሩ ነው፤ ለፎቶ ዋና ቅጂ አይደለም።

ከኮምፒዩተር የተወለዱ ሰነዶችም አሉ። ከዩኒኮድ (ፊደሎችን በሁሉም ኮምፒዩተር አንድ የሚያደርግ የቁጥር ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ብቻ ያሳያል። ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒዩተር ከመወገዱ በፊት ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ-ኤ ለውጡ፤ ዋናውን ፋይልና ፎንቱንም አብራችሁ አስቀምጡ። ለኮሌጁ ድረ ገጽ በዓመት አንድ ጊዜ በዋርክ (ድረ ገጽን ለማስቀመጥ በተሠራ) ፎርማት ቅጂ መውሰድ ይበቃል።

የትኛው ሶፍትዌር?

የኤክሴል ሠንጠረዥ የሚናቅ አማራጭ አይደለም። ከ200 ሣጥን በታች ላለው ስድስቱ መግለጫዎች በስድስት ዓምድ ተቀምጠው፣ በየጊዜው በሲኤስቪ (ማንኛውም ፕሮግራም በሚከፍተው ተራ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) እየተገለበጡ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ከዚያ ሲያልፍ አቶም ለመዛግብት የተሠራ ስለሆነ ከፎንድ (ከአንድ ምንጭ የመጣ ሙሉ ስብስብ) እስከ ወረቀት ያለውን እርከን ይይዛል፣ በብዙ ቋንቋም ይሠራል፤ የሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ግን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አርካይቭስስፔስ ለርክክብና ለመደርደሪያ አስተዳደር ይበልጣል፣ ለአንድ ሰው ግን ይከብዳል። ኦሜካ ዐውደ ርዕይ ለማሳየት እንጂ መዛግብት ለማስተዳደር አልተሠራም፤ ብዙዎች በመልኩ ተማርከው ይገቡበትና የሣጥን እርከን ማሳየት ሲያቅታቸው ይመለሳሉ። ዲስፔስ የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻ ነው፤ ለዚያ ተጠቀሙበት። የቱንም ብትመርጡ ከመጀመራችሁ በፊት 10 መዝገብ አስገብታችሁ ሁሉንም መልሳችሁ ወደ ሲኤስቪ ወይም ኤክስኤምኤል አውጡ። መውጫ ከሌለው አትግቡበት።

ፋይሉ የት ይተኛ?

ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ርካሽ ነው፤ በአምስት ዓመት ይተካ። ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ መረጃው ሊጠፋ ስለሚችል ለመሳቢያ አይሆንም። የሚቀዳበት ዲቪዲ በላዩ ያለው ቀለም ይጠፋል። ኔትወርክ ላይ የሚሰካ ባለብዙ ዲስክ ማከማቻ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ያድናችኋል፤ ስርቆት፣ እሳትና በስሕተት የተሰረዘ ፎልደር ግን ሁሉንም አብሮ ይወስዳልና እሱ ብቻውን መጠባበቂያ አይደለም። ኤልቲኦ ቴፕ (የኮምፒዩተር መረጃ የሚቀመጥበት ካሴት) ለብዙ ቴራባይት ያዋጣል፤ ሆኖም ማሽኑ ውድ ነው፣ ትውልዱም ቶሎ ይለወጣል፤ ኤልቲኦ 8 የሚያነበው ራሱንና 7ን ብቻ ነው። ክላውድ ምቹ ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ በቴክኒክ ችግር ሳይሆን አካውንቱ በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ተከፍቶ ሰውየው ሲለቅ ክፍያው በመቋረጡ ነው።

ለአነስተኛ ኮሌጅ የምንመክረው ሦስት ቅጂ ነው፦ አንዱ በባለብዙ ዲስኩ ማከማቻ፣ ሁለተኛው በውጫዊ ዲስክ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ሦስተኛው በኮሌጁ ስም በተከፈተ ክላውድ። ፋይሎቹ ሲገቡ ሻ-256 ቼክሰም (ፋይሉ መለወጡን የሚያሳይ የቁጥር አሻራ) ይወጣላቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይሰላና ይነጻጸር። ያልገጠመ ከተገኘ ከሌላው ቅጂ ይተካል። በዚያው ቀን ከክላውዱ አንድ ፎልደር በዘፈቀደ አውርዳችሁ ክፈቱ።

እያንዳንዱ ዲስክ ላይ «አንብበኝ» የሚል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይኑር፤ ውስጡም የፎልደሮቹ አሰያየም፣ የመለያ ቁጥሩ ትርጉም፣ የትኛው ዋና የትኛው መጠቀሚያ ቅጂ እንደሆነ ይጻፍ። ይኸው ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ ሣጥን ቁጥር 1 ውስጥ ከላይ ይቀመጥ። የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ ከኮሌጁ ጸሐፊ ካዝና ይግቡ፤ ፖስታው ላይ የታሸገበት ቀንና ቀጣዩ የክላውድ ክፍያ የሚደርስበት ወር ይጻፍበት።